ትዳር ቢፈርስ እውነትም ይፈርሳልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ጾም ሲገባ እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው ነገር ብዙ ነው። ብስኩቱ ወተት አለው ወይስ የለውም? እስከ ስንት ሰዓት ትጾማለህ? ዘንድሮ ሱባኤ ትገባለህ? እነዚህን መጠየቃችን መልካም ነው። ነገር ግን ማንም ደፍሮ የማይጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ። «ፍርድ ቤት ያለው ፋይልህስ እንዴት ነው?» የሚል።

እስቲ በዚህ በጾሙ ወቅት አንድ ቀን ጠዋት የቤተሰብ ችሎት ወዳለበት ፍርድ ቤት ጎራ በሉ። በረንዳው ላይ ነጠላዋን የለበሰች አንዲት እኅት ታያላችሁ። ኪዳን አድርሳ ነው የመጣችው። ከእርሷ ፈንጠር ብሎ አንድ ወንድም ተቀምጧል፤ እርሱም ጾመኛ ነው። ሁለቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። አንድ ጾም ይጾማሉ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፣ ምናልባትም አንድ ደብር ያስቀድሳሉ። የመጡት ግን ሊካሰሱ ነው። በሠርጋቸው ቀን ሙሽራና ሙሽሪት ተብለው እንዳልተጠሩ፣ ዛሬ «አመልካች» እና «ተጠሪ» ተብለው ይገባሉ።

ይህች ጽሑፍ ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናት። ትዳር እንዳይፈርስ የሚመክሩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ የጻፏቸውን እግዚአብሔር ይስጥልን። ከፈረሰ በኋላ ግን ክርስቲያን እንዴት ይከራከራል? እንዴትስ ይካፈላል? ይህን የሚነግረን ጥቂት ነው። ጥያቄውን በአጭሩ ላስቀምጠው፦ ለበደለኝ ሰው፣ ከእንግዲህም አብሬው ለማልኖር ሰው፣ እውነት የመናገር ዕዳ አለብኝን?

ፍርድ ቤት መሄድ በራሱ ኃጢአት ነውን?

አስቀድመን ይህን እናጥራ። ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ ታከብራለች። እግዚአብሔር ያጣመራቸውን ሰው እንዳይለያቸው ጌታችን አዟል (ማቴ. 19፥6)። በባልና በልጅነት ሚስቱ መካከል ምስክሩ እግዚአብሔር ራሱ እንደሆነም በነቢዩ ሚልክያስ ተነግሮናል (ሚል. 2፥14)። ስለዚህ መንገዱ የሚጀመረው ከዳኛ ፊት አይደለም። የንስሐ አባት አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ጸሎት አለ፣ ጊዜ አለ። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስ ምእመናን በማያምኑ ሰዎች ፊት እርስ በርሳቸው መካሰሳቸውን ሰምቶ አጥብቆ ወቅሷቸዋል (1ቆሮ. 6፥1-8)።

ይህን ምንባብ ግን እስከ መጨረሻው ልናነበው ይገባል። ሐዋርያው ስለ መካሰሳቸው ብቻ ተናግሮ አላበቃም። የገዛ ወንድሞቻቸውን መበደላቸውንና ማታለላቸውንም ገልጦ ነቅፏል። ደግሞም እርሱ ራሱ ያለ ጥፋቱ ሊገድሉት በፈለጉ ጊዜ ሕግ የሰጠውን መብት ተጠቅሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)።

ስለዚህ እኅቴ ሆይ፣ ቤትሽ ውስጥ ዱላ ካለ፣ ልጆችሽ ጦማቸውን የሚያድሩ ከሆነ፣ ወደ ሕግ መሄድሽ የእምነት ጉድለት አይደለም። «ጾም ነውና ቻይው» ብሎ ወደ ዱላ የሚመልስሽ ሰው ካለ ጾምን አላወቀውም። ነፍስን ማትረፍ ይቀድማል። ጥያቄያችን እንግዲህ ፍርድ ቤት መሄድ አለመሄድ አይደለም። እዚያ ከሄድን በኋላ ምን ዓይነት ሰው ሆነን እንቆማለን የሚለው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙዎቻችን ሕጉን የምንሰማው ከጎረቤት ነው። «በስምህ ከሆነ አይነኩብህም»፣ «ልጁን ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል» ሲባል እንሰማለን። ይህ ሁሉ የሰፈር ወሬ ነው። እውነቱን በጥቂቱ እንመልከት።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ነገር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶት ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አደረገው። የሽማግሌዎች ድርሻ ማስታረቅ ሆነ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡ ስላሉ በክልል የምትኖሩ የአካባቢያችሁን ጠይቃችሁ ተረዱ።

ሕጉን ቀረብ ብሎ ላየው ከሽምግልና ባህላችን የራቀ አይደለም። ዳኛው ወዲያው አያፋታም። ባልና ሚስቱን ያነጋግራል፤ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲታረቁ ይመክራል፤ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። ልብ በሉ፤ ሦስት ወር ማለት ሃምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ቀናት አልቀው፣ ከበዓለ ሃምሳም ግማሹ አልፎ ነው። በዚህ ጊዜ ስንቶቻችን እናስብበታለን? ስንቶቻችንስ ዕቃ እናሸሽበታለን?

ጉዳዩ እየታየ ሳለም ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ፣ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ትእዛዝ ይሰጣል። ንብረቱን በተመለከተ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ እንዲሁም በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ የደረሰ የግል ነው። በጋብቻ ውስጥ ሳሉ ባልም ሆነ ሚስት ደክመው ያገኙት ገቢ ግን የጋራ ነው። ሲለያዩም በመሠረቱ እኩል ይካፈሉታል። ንብረቱ በአንዳቸው ስም ተመዝግቦ ቢገኝ እንኳ፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን ካላስረዳ በቀር የጋራ ተደርጎ ይገመታል። የፍቺው ምክንያት የአንደኛው ጥፋት ሲሆን ደግሞ፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለተጎዳው ካሣ እንዲከፈለው ሊያዝ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን፣ በባህል ወይም በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመ ቢሆን በሕጉ ዘንድ የመፍረሱ ውጤት አንድ ነው። ስለ ምሥጢሩ፣ ስለ ቁርባን፣ ዳግመኛም ስለማግባት የሚወስነው ግን ዳኛው አይደለም። የፍርድ ወረቀት ይዞ «እንግዲህ ነፃ ነኝ» ብሎ ወደ ሌላ ጎጆ ከመሮጥ አስቀድሞ የንስሐ አባትን መጠየቅ ይገባል።

ገንዘቡ የማን ነው?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከበደል ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

ከዓመታት በፊት አንድ አብሮ አደጌ ከሚስቱ ጋር ተጣላ። በእርግጥም በድላዋለች። ዝርዝሩን ልተወው፤ ግን እንባውን አይቻለሁ። ነገሩ ወደ ፍቺ ሲያመራ አንድ ምሽት ቤቴ መጣና «ዕቁቡ ወጥቶልኛል። ብሩን በአንተ ደብተር አስገባልኝ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ብቻ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። ለምን እምቢ እላለሁ? ወዳጄ ነው፣ ተበድሏል፣ ደግሞ ገንዘቡ ላቡ ነው። እንደውም ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ጊዜው እንዲህ እንደ አሁኑ የዐቢይ ጾም ወቅት ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ሚስቱን አገኘኋት። ትንሹን ልጅ ይዛለች። የልጁ ጫማ ከፊት አፉን ከፍቷል። «ጋሼ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። የማውቀው ነገር እንዳለም አታውቅም። እኔ ግን ዓይኗን ማየት አቃተኝ። «ይመስገን» ብዬ እየተጣደፍኩ አለፍኩ።

በሳምንቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩና ነገሩን አወራኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ ገንዘቡ የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርሱ ነው፣ አባቴ።»

«በደብተሩ ላይስ?»

«የእኔ ስም ነው።»

«ዕቁቡ ሲጣል የከረመው ከምንድን ነው?»

ዝም አልኩ። አውቀዋለሁ። በየሳምንቱ ግማሹ ከእርሱ ደመወዝ ነው። ግማሹ ደግሞ እርሷ ሌሊት ተነሥታ ጋግራ ለሱቅ ከምታስረክበው እንጀራ ነው። ጭሱን እኔም ቤታቸው ስሄድ አይቼዋለሁ።

«እንግዲህ የማን እንደሆነ ስታውቅ ተመለስ» አሉኝ። ያን ቀን ቀኖናም አልሰጡኝም።

ሄጄ ለወዳጄ ነገርኩት። «ብርህን ልመልስልህ። በንብረቱ ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ካላስገባኸው ግን ምስክር ሆኜ ብጠራ የማውቀውን እናገራለሁ» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተም ከእርሷ ጋር ሆንክ?» አለኝ። ያች ቃል እስከ ዛሬ ታመኛለች። በስተመጨረሻ ብሩን አስመዘገበው፤ ተካፈሉት። እኔና እርሱ ግን እንደ ድሮው አልሆንንም። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ትዳራቸውም አልተመለሰም። እውነት ስለተናገርን ብቻ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም።

ታዲያ ምን ተረዳሁ? እርሷ በድላዋለች፤ ልክ ነው። በደሉ ግን የራሱ መንገድ ነበረው። ለዳኛው ሊናገረው፣ ካሣም ሊጠይቅበት ይችል ነበር። እርሱ ግን ከሳሽም ዳኛም አስፈጻሚም ራሱ ሊሆን ፈለገ፤ እኔም መደበቂያው ሆንኩለት። የእርሷ ጥፋት የሌሊት ድካሟን አልሰረዘውም። በደለኛ ሰው መብቱ ሁሉ የሚቀማ ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን መብት የሚኖረው ማን ነው?

የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ እናስታውስ (ሐዋ. 5፥1-11)። ብዙዎቻችን የተቀጡት ገንዘብ ስላስቀሩ ይመስለናል። ቅዱስ ጴጥሮስ ግን መሬቱም ዋጋውም በእጃቸው እንደነበረ ነግሯቸዋል። ድርሻችን ነው ብለው በግልጽ ቢያስቀሩት የሚወቅሳቸው አልነበረም። ጥፋታቸው ከፊሉን ሸሽገው ሁሉን ያመጡ መምሰላቸው ነው። እነርሱ ባልና ሚስት ሆነው፣ ተስማምተው ዋሹ። እኛ ደግሞ ባልና ሚስት መሆናችን ካበቃ በኋላ አንዳችን ሌላችንን እንዋሻለን። የምንዋሸው ግን ያንኑ አምላክ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው። የእውነት ዕዳ የሚመነጨው ከሌላው ሰው ደግነት አይደለም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥16) «ከበደለህ ሰው በቀር» የሚል ተጨማሪ የለውም። ትዳር ሲመሠረት ምስክር የነበረው እግዚአብሔር፣ ትዳር ፈርሶ ንብረት ሲቆጠርም እዚያው አለ። ሚስትህ ሚስትህ መሆኗ ቢቀር፣ ባልንጀራህ መሆኗ አይቀርም።

ልጅ የሚከፈል ንብረት አይደለም

ገንዘብ ቢደበቅ አንድ ቀን ይገኛል። በልጅ ላይ የሚሠራው በደል ግን ከዚያ ይከብዳል።

በንጉሥ ሰሎሞን ፊት የቆሙትን ሁለት ሴቶች ታስታውሳላችሁ (1ነገ. 3፥16-28)። ንጉሡ ሰይፍ አስመጥቶ ሕፃኑ ለሁለት ይከፈል ባለ ጊዜ እናቲቱ የታወቀችው እንዴት ነው? ክርክሩን ለመሸነፍ በመፍቀዷ ነው። ልጇ በሕይወት ይኑር እንጂ እርሷ ብትሸነፍ ግድ አልሰጣትም። ዛሬ በችሎት ሰይፍ የለም። ነገር ግን ልጁን «አባትህ እንዲህ ነው»፣ «እናትህ እንዲያ ናት» እያልን ልቡን ለሁለት የምንከፍለው እኛው ነን።

ሕጉ ልጅን ለአሸናፊ እንደ ሽልማት አይሰጥም። ዳኛው ልጁ ከማን ጋር ይኑር ብሎ ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ታዟል። አብሮት የማይኖረው ወላጅ የሚጠይቅበትንም ሁኔታ ይወስናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። መብቱ የልጁ ነው። ልጁን አባቱ እንዳያየው የምትከለክል እናት፣ ቀለብ የሚያስቀር አባት፣ የሚቀጡት የቀድሞ ባላቸውን ወይም ሚስታቸውን ይመስላቸዋል። የሚጎዳው ግን ልጁ ነው። «ለእርሷ ብር አልሰጥም» የምትል ወንድሜ ሆይ፣ ብሩ እኮ ለልጅህ እንጀራ ነው።

ከወላጆቹ በአንዱ ዘንድ ለልጁ የሚያሰጋ ነገር ካለ ግን ዝም አይባልም። ለዳኛው ያዩትን፣ ያዩትን ብቻ፣ መናገር ነው። ቂምን በስጋት ስም ማቅረብ ግን በልጁ ነገር ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

ፋሲካም እየመጣ ነው። ልጁ በየትኛው ቤት ይፈስካል? ይህን ከወዲሁ ተነጋገሩበት። ልጁ የትንሣኤን ሌሊት የሚያስታውሰው በሻማና በእልልታ እንጂ በር ላይ በተነሣ ጠብ አይሁን።

«እኔ እውነቱን ስናገር እርሱ ቢዋሽስ?»

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ «ጸልዩ» ብለን ብቻ የምናልፈው አይደለም።

እውነት መናገር ማለት መብትን መጣል ማለት አይደለም። ማስረጃችሁን ሰብስቡ። ምስክር ካላችሁ አቅርቡ። ንብረቱ ይሸሻል ብላችሁ ከሠጋችሁ ፍርድ ቤቱ እንዲያግድ ጠይቁ። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌላችሁ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ስላሉ አፈላልጉ። ጌታችን እንደ ርግብ የዋህ ሁኑ ሲለን እንደ እባብ ልባሞች መሆንንም አብሮ አዝዞናል (ማቴ. 10፥16)። የተከለከለው መከራከር ሳይሆን መዋሸት ነው፤ መጠየቅ ሳይሆን መበቀል ነው።

ከቻላችሁ ደግሞ አባታችን አብርሃምን አስቡ (ዘፍ. 13፥5-18)። የእርሱና የሎጥ እረኞች በተጣሉ ጊዜ አብረው መኖር እንደማይችሉ አየ። መለያየቱ ግድ ሆነ። ግን እንዴት ተለያዩ? ታላቁ እርሱ ሳለ ለታናሹ አስቀድሞ ምረጥ አለው። ሎጥ ለምለሙን መረጠ፤ አብርሃምም አልደኸየም። መለያየት የግድ ጠላትነት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ብቻ ልብ በሉ፤ አብርሃም የተወው የራሱን ነው። የልጆችን ጉሮሮ ዘግቶ «ሁሉን ትቼላታለሁ» ማለት ቸርነት አይደለም።

ጻድቁ ዮሴፍንም እንመልከት (ማቴ. 1፥18-25)። የእመቤታችንን ነገር ገና ሳይረዳ፣ መልአክም ሳይገለጥለት፣ መለየትን ባሰበ ጊዜ በሰው ፊት ሊያጋልጣት አልፈለገም። ወንጌሉ ጻድቅ ያለው በዚህ ጊዜ ነው። እኛ ግን የክስ ማመልከቻችን ላይ የማያስፈልገውን ሁሉ እናጭቅበታለን። የመኝታ ቤትን ምሥጢር በሰፈር እናዞራለን። ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን እውነት ለዳኛ መናገርና የሰውን ገመና መግለጥ አንድ አይደሉም።

በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት በዚህ ሰዓት ፋይል ተከፍቶብህ ወይም ከፍተህ ይሆናል። ዛሬ ማታ ቁጭ በልና የንብረቱን ዝርዝር እንደገና ጻፈው። የጎደለ ካለ ጨምረው። በሰው ስም ያስቀመጥከው ካለ አስመልሰው። ያለፈ ቀለብ ካለብህ ከፋሲካው በግ በፊት እርሱን ክፈል። አንቺም እኅቴ፣ በማመልከቻሽ ያላየሽውን አይቻለሁ ብለሽ ከሆነ አስተካክዪው። ይህ ከቅቤና ከወተት መከልከል የሚከብድ ጾም ነው። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ባለ ጊዜ ነው መዳን ለቤቱ የሆነለት (ሉቃ. 19፥1-10)።

ምናልባት ደግሞ የምትጣላው አንተ ሳትሆን ወንድምህ፣ ጓደኛህ ወይም ልጅህ ይሆናል። እንግዲህ ይህ ለእኔ ቢጤዎች ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት ብቻቸውን አይዋሹም። ደብተር የሚያውሳቸው፣ በሐሰት የሚመሰክርላቸው፣ «አትልቀቅላት» እያለ የሚያራግብ ሰው አለ። ወዳጅነት ማለት ይህ ከመሰለን ተሳስተናል። ወዳጅህን አብረኸው አልቅስ፣ አብረኸው ፍርድ ቤት ሂድ፣ ጠበቃ ፈልግለት። ውሸቱን ግን አትሸከምለት።

በስድስተኛው እሑድ፣ በገብር ኄር፣ ጌታው ሒሳብ ሊቆጣጠር ስለመጣ አገልጋይ ወንጌል ይነበብልናል (ማቴ. 25፥14-30)። የዚያን ቀን የምንጠየቀው ምን ያህል ይዘን እንደቀረን አይደለም፤ በተሰጠን ምን ያህል ታምነን እንደተገኘን ነው። ትዳር ተሰጥቶን ነበር፤ ምናልባት አልጠበቅነው ይሆናል። ስለዚያ ንስሐ እንገባለን። እውነት ግን አሁንም በእጃችን ነው። እርሱን ደግሞ በመሬት አንቅበረው።

አቤቱ፣ በበረንዳው ላይ ተለያይተው ለተቀመጡት ሁለቱ ልጆችህ ሰላምህን ስጣቸው። ቢታረቁ በፍቅር፣ ቢለያዩም በእውነት ይሁን። በመካከላቸው ያሉትን ሕፃናት ጠብቅልን። ጾማችንን ተቀብለህ ለብርሃነ ትንሣኤህ በሰላም አድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር